የጥሬ ጎማን ዝልግልግነት መለካት
ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

ሸጎሌ በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ በኩል የሚገኝ፣ በአውቶቡስ ዴፖውና በቁም ከብት ገበያው የሚታወቅ ሰፈር ነው። ስለ ጎማ ለመማር ከዚህ ሰፈር መነሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

በከብት ገበያ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሻኛውን ይጨብጣል፤ ጎድኑን ይዳስሳል፤ ጥርሱን ያያል። ሻጩም የገዢው እጅ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ስለዚህ ሁለቱ ሲከራከሩ በአንድ ቋንቋ ይከራከራሉ። ወደ አውቶቡሱ ስንመጣ ደግሞ፣ ሰው ጭኖ አቀበቱን የሚወጣው በጎማው ላይ ነው። የአውቶቡስና የጭነት መኪና ጎማ ከትንሽ መኪና ጎማ ይልቅ ብዙ የተፈጥሮ ጎማ ይገባበታል። ይሁን እንጂ ከዛፍ የሚገኘው ጥሬ ጎማ እንደ በሬ በእጅ ተዳስሶ ጥራቱ አይታወቅም። ፋብሪካ የሚገዛው በመሣሪያ ለክቶ ነው። አምራቹ ማኅበር መሣሪያው የሚሰጠውን ቁጥር ትርጉም ካላወቀ፣ ዋጋው ለምን እንደ ቀነሰ ሳይገባው ይመለሳል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ጥራት ተቆጣጣሪዎች መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነና ቁጥሩን ለማሻሻል በእርሻው ላይ ምን መደረግ እንዳለበት እንዲያውቁ ለመርዳት ነው። በአማርኛ «ጎማ» የሚለው ቃል ለዛፉ ውጤትም ለመኪና እግርም ስለሚያገለግል፣ ከዚህ በታች «ጎማ» ስንል ከዛፍ የሚገኘውን ጥሬ ዕቃ ማለታችን ነው። የተሽከርካሪውን «የመኪና ጎማ» እያልን እንለየዋለን።

2. ጥሬ ጎማ ምን ዓይነት ነገር ነው?

የጎማ ዛፍ የትውልድ አገሩ የአማዞን ወንዝ ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ሄንሪ ዊክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ዘሩን ከብራዚል ወደ ለንደን የኪው የዕፅዋት ማዕከል ከወሰደ በኋላ፣ ችግኙ ወደ ሲሎንና ወደ ማላያ ተሻግሮ በእስያ ተስፋፋ። በአገራችን የጎማ ዛፍ ልማት የተጀመረው በደቡብ ምዕራብ፣ በቤንች ሸኮ ዞን፣ በጉራፈርዳ ወረዳ ነው። ዛፉ ሙቀትና ብዙ ዝናብ ያለበትን ቆላማ ቦታ የሚፈልግ ስለሆነ፣ እንደ ሸጎሌ ባለ ደጋ ላይ አይለማም። ስለዚህ አምራቹና የመጨረሻው ተጠቃሚ ብዙ ርቀት ይለያያቸዋል፤ በመካከላቸው የሚያገናኛቸው የቤተ ሙከራ ወረቀት ነው።

የዛፉ ቅርፊት በስለት ሲበጣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ ፈሳሽ ላቴክስ ይባላል። ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ጎማ ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ጥቂት ፕሮቲን፣ ስኳርና ማዕድንም አለበት። ላቴክሱ ቀጭን ፎርሚክ አሲድ ሲጨመርበት፣ ወተት ወደ እርጎ እንደሚለወጥ ሁሉ ይረጋል። የረጋው በመዳመጫ ተዳምጦ፣ ታጥቦና ደርቆ ጥሬ ጎማ ይሆናል።

ጎማ በውስጡ እጅግ ረጃጅም ከሆኑ፣ በዓይን ከማይታዩ ክሮች የተሠራ ነው። ክሮቹ እንደ ተወሳሰበ ፈትል እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል። ክሩ ረጅም ሲሆን ጥልፍልፉ በቀላሉ አይፈታም፤ ጎማውም ለመታሸት ያስቸግራል። ክሩ ሲበጣጠስ ደግሞ ጎማው ይለሰልሳል፤ ይባስ ሲልም እጅ ላይ ይጣበቃል። የምንለካው ነገር ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

3. ዝልግልግነት ማለት ምን ማለት ነው? ለምንስ ይለካል?

ውሃ፣ ዘይትና ማር በየተራ ከጣሳ ቢፈሱ ውሃው ቶሎ ያልቃል፤ ማሩ ይዘገያል። ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየው እንቢታ ዝልግልግነት ይባላል። ጥሬ ጎማ ሲያዩት ጠጣር ቢመስልም፣ ሲሞቅና ሲታሽ በዝግታ ይፈሳል። ስለዚህ የጎማ ዝልግልግነት ስንል ጎማው በሙቀት ውስጥ ሲታሽ የሚያሳየውን እንቢታ ማለታችን ነው።

ፋብሪካው ይህን ማወቅ የሚፈልገው ስለሚከተሉት ምክንያቶች ነው። ጥሬ ጎማ ብቻውን የመኪና ጎማ አይሆንም። በመጀመሪያ ይታሻል፤ ከዚያም ከጥቀርሻ፣ ከድኝና ከሌሎች ዱቄቶች ጋር ይደባለቃል፤ በመጨረሻም በቅርጽ ውስጥ በሙቀት ይበስላል። የማሻ መሣሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1820 ቶማስ ሃንኮክ ሲሆን፣ በድኝ ማብሰልን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር ነው።

ሀ) ጎማው ከመጠን በላይ ጠንካራ ከሆነ ለማሸት ብዙ ጊዜና ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል።
ለ) ከመጠን በላይ ለስላሳ ከሆነ ጥቀርሻው በደንብ አይሰራጭም፤ የሚወጣውም ዕቃ ደካማ ይሆናል።
ሐ) አንዱ ጭነት ጠንካራ፣ ሌላው ለስላሳ ሆኖ ከመጣ ፋብሪካው መሣሪያውን በየጊዜው ማስተካከል ይኖርበታል። ፋብሪካ ከሁሉ ይልቅ የሚጠላው ይህን ወጥ አለመሆን ነው።

4. የሙኒ ቪስኮሜትር

ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1934 ያስተዋወቀው በአሜሪካ የጎማ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሜልቪን ሙኒ ነው። እስከ ዛሬም ዋናው የመለኪያ መሣሪያ ነው።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ከላይና ከታች የሚገጠሙ ሁለት የሚሞቁ ብረቶች በመካከላቸው ጎድጓዳ ቦታ አላቸው። በጎድጓዳው ውስጥ 38.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ገጹ የተቦረቦረ ክብ ብረት ይቀመጣል። ይህ ተሽከርካሪ ብረት ሮተር ይባላል። ናሙናው በሁለት ክብ ቁራጮች ተቆርጦ አንዱ ከሮተሩ በታች፣ ሌላው ከሮተሩ በላይ ይደረጋል፤ ሁለቱ በአንድነት 25 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው እንደሚከተለው ይካሄዳል።

1ኛ/ ብረቶቹ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይዘጋጃሉ።
2ኛ/ ናሙናው ገብቶ መሣሪያው ይዘጋል፤ ሮተሩ ሳይዞር ለ1 ደቂቃ ይሞቃል።
3ኛ/ ሮተሩ በደቂቃ 2 ጊዜ መዞር ይጀምራል።
4ኛ/ ሮተሩ መዞር ከጀመረ በ4ኛው ደቂቃ ቁጥሩ ይነበባል።

ሮተሩን ለማዞር ያስፈለገው የመጠምዘዝ ኃይል ነው የሚነበበው። 8.30 ኒውተን ሜትር የሆነ የመጠምዘዝ ኃይል 100 የሙኒ ክፍል ተብሎ ተወስኗል። ውጤቱ «60 ኤም ኤል (1+4) በ100 ዲግሪ» ተብሎ ይጻፋል። «ኤም» ሙኒን፣ «ኤል» ትልቁን ሮተር ያመለክታል፤ 1 የማሞቂያው ደቂቃ፣ 4 የመዞሪያው ደቂቃ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተለወጠ ቁጥሩም ይለወጣል። ስለሆነም «60» የሚል ባዶ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

ዝልግልግነቱ እንዳይለወጥ በፋብሪካ ልዩ መድኃኒት የተጨመረበት ጎማ በገበያ ላይ በሙኒ ቁጥሩ ይሸጣል። ለምሳሌ «60» ተብሎ የሚሸጠው ከ55 እስከ 65 ባለው ውስጥ መገኘት አለበት።

5. ፕላስቲሜትርና የጽናት መለኪያ

ሁለተኛው መሣሪያ ዋላስ ፕላስቲሜትር ይባላል። ይህ መሣሪያ ጎማውን አያዞርም፤ ይጫነዋል። 13 ሚሊ ሜትር ስፋትና ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ውፍረት ያለው ትንሽ ክኒን መሰል ናሙና በ100 ዲግሪ ሙቀት መጀመሪያ ለ15 ሴኮንድ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ ቀጥሎ ለ15 ሴኮንድ በ100 ኒውተን ኃይል ይጫናል። በመጨረሻ የቀረው ውፍረት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይነበባል። 0.40 ሚሊ ሜትር ከቀረ ንባቡ 40 ነው። ይህ የመጀመሪያ ንባብ ይባላል።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ቀጥሎ ያለው ነው። ከዚያው ጎማ የተቆረጡ ሌሎች ናሙናዎች በምድጃ ውስጥ በ140 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይቆያሉ፤ ከቀዘቀዙ በኋላ በዚያው መንገድ ይለካሉ። ከሙቀት በኋላ ያለው ንባብ ለመጀመሪያው ንባብ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የጽናት ቁጥር ይገኛል። የጽናት ቁጥር ጎማው ሙቀትና አየር ሲያገኘው ምን ያህል እንደሚጸና ያሳያል። ለእያንዳንዱ ንባብ ሦስት ሦስት ናሙና ተለክቶ መካከለኛው ይወሰዳል።

በምሳሌ እንመልከተው። የሁለት ማኅበራት ጎማ ተለካ እንበል።

የመጀመሪያው ማኅበር፦ የመጀመሪያ ንባብ 40፤ ከሙቀት በኋላ 28፤ የጽናት ቁጥር 70።
የሁለተኛው ማኅበር፦ የመጀመሪያ ንባብ 42፤ ከሙቀት በኋላ 16፤ የጽናት ቁጥር 38።

የሁለቱን ጎማ በእጁ የዳሰሰ ሰው ልዩነት አያገኝም፤ ቢያገኝም ሁለተኛው ይሻላል ይላል። ነገር ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ ለ«ደረጃ 10» ጎማ የጽናት ቁጥር ከ50፣ ለ«ደረጃ 20» ደግሞ ከ40 ማነስ የለበትም። የሁለተኛው ማኅበር ጎማ ከሁለቱም ይወድቃል። ዛሬ ጠንካራ ነው፤ ነገ ግን አይጸናም። ይህን ጎማ እጅ አላወቀውም፤ ምድጃው ግን አወቀው።

6. ቁጥሩን የሚያበላሸው በእርሻው ላይ የሚሠራ ስሕተት

የቤተ ሙከራ መሣሪያ ጎማን አያሻሽልም፤ የተደረገውን ይመሰክራል እንጂ። ከላይ የተመለከተውን የሁለተኛውን ማኅበር የመሰለ ውጤት ሲገኝ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የሚከተለው ነው።

ሀ) መዳብ። መዳብና ማንጋኒዝ በጣም ጥቂት ሆነው እንኳ ጎማው በአየር ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋሉ። ስለዚህ የነሐስና የመዳብ ዕቃ ለላቴክስ መዋል የለበትም። የቡና በሽታን ለመከላከል መዳብ ያለበት መድኃኒት በሚረጭበት አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የተበጠበጠበት ባልዲ ወይም በርሜል የቱንም ያህል ቢታጠብ ለላቴክስ ማጠራቀሚያ አይሁን።

ለ) ፀሐይ። ጎማን እንደ በርበሬ በፀሐይ ማስጣት ትልቅ ስሕተት ነው። የፀሐይ ብርሃን ክሮቹን ይበጣጥሳል። ጎማ የሚደርቀው በጥላ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ወይም በጢስ ቤት ነው። የጢስ ቤቱ ሙቀት ከ60 ዲግሪ መብለጥ የለበትም።

ሐ) የተሳሳተ አሲድ። ፎርሚክ አሲድ ሲጠፋ የባትሪ አሲድ መጨመር የሚታይ ልማድ ነው። ላቴክሱ ይረጋል፤ ነገር ግን በጎማው ውስጥ የሚቀረው አሲድ የጽናት ቁጥሩን ያወርዳል። ትክክለኛው አሲድም ቢሆን በልክ ይጨመር፤ የረጋውም በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ።

መ) ቆሻሻ። ቅርፊት፣ ቅጠልና አሸዋ ኩባያው ውስጥ ከገቡ በኋላ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ለ«ደረጃ 10» የሚፈቀደው ቆሻሻ ከመቶ 0.08፣ ለ«ደረጃ 20» ከመቶ 0.16 ነው። ይህም ማለት በ100 ኪሎ ግራም ጎማ ውስጥ እንደ ቅደም ተከተሉ 80 ግራምና 160 ግራም ነው። ኩባያው ከመበጣቱ በፊት ይጠረግ፤ ላቴክሱ በወንፊት ይጠለል።

ሠ) እርጥበት። ያልደረቀ ጎማ ሲቆረጥ መካከሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ነጥብ ያለበት ጎማ ለጭነት አይዘጋጅ።

ረ) መደባለቅ። የዛሬውን ከቆየው፣ በንጣፍ የደረቀውን በኩባያ ከረጋው ጋር መቀላቀል ወጥ ያልሆነ ቁጥር ያስከትላል። ልዩ መድኃኒት ያልተጨመረበት ጎማ በመጋዘን ሲቆይ እየጠነከረ ስለሚሄድ የሙኒ ቁጥሩ ይጨምራል። ስለሆነም በየጭነቱ ላይ የተመረተበት ቀን ይጻፍ።

7. ናሙና አወሳሰድ

የተሳሳተ ናሙና ትክክለኛ መሣሪያን ሐሰተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ፦

1ኛ/ ከአንድ ጥቅል ብቻ ሳይሆን ከጭነቱ ልዩ ልዩ ጥቅሎች ይወሰድ። ጥሩ ጥሩውን መርጦ መላክ ማኅበሩን ራሱን ማታለል ነው፤ ገዢው ጭነቱን ሲቀበል እንደገና ይለካልና።
2ኛ/ ላይ ላዩ ተልጦ ከውስጥ ይቆረጥ።
3ኛ/ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ግራም ይዘጋጅ። በቤተ ሙከራ ናሙናው ወጥ እንዲሆን 10 ጊዜ በመዳመጫ ያልፋል። ከዚህ በላይ ማሳለፍ ክሮቹን ስለሚበጣጥስ ቁጥሩን ያወርዳል፤ ማሳነስም ውጤቱን ያዛባል።
4ኛ/ ብርሃን በማያሳልፍ ንጹሕ ከረጢት ይታሸግ። የማኅበሩ ስም፣ የጭነቱ ቁጥር፣ የተመረተበትና ናሙናው የተወሰደበት ቀን ይጻፍበት።
5ኛ/ የዚያው ናሙና ሌላ ግማሽ ታሽጎ በማኅበሩ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ክርክር ከተነሣ ይህ ምስክር ይሆናል። ሆኖም በቆየ ቁጥር የሙኒ ቁጥሩ ትንሽ ሊጨምር እንደሚችል አይረሳ።

8. በደጋ ላለ ቤተ ሙከራ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ሁለቱም መሣሪያዎች የሚሠሩት በ100 ዲግሪ ነው። ብዙ ሰው ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ስለተማረ፣ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ሊፈትን ይሞክራል። ይህ በባሕር ጠረፍ እውነት ነው። በአዲስ አበባ ግን፣ ይልቁንም እንደ ሸጎሌ ባለ ከፍተኛ ቦታ፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ መንገድ «የተስተካከለ» መሣሪያ ከሚገባው 8 ዲግሪ ያህል ይዛነፋል፤ ቁጥሩም ሁሉ ይሳሳታል። የሙቀቱ ልክ መረጋገጥ ያለበት በተመሰከረለት ቴርሞሜትር ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ የመጠምዘዝ ኃይሉ በታወቀ ክብደት በየጊዜው ይፈተን። የሮተሩ ቦርቦሮች በአሮጌ ጎማ ከተደፈኑ ናሙናው ስለሚንሸራተት ቁጥሩ ከእውነተኛው በታች ይነበባል፤ ስለዚህ ሮተሩ ይጽዳ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መሣሪያው ሙቀቱን እስኪያገኝና እስኪረጋ ድረስ ሳይጠብቁ መለካት አይገባም። በየዕለቱ ሥራ ሲጀመር ቁጥሩ የታወቀ ናሙና መጀመሪያ ይለካ።

9. ማኅበሩ ገዢውን ምን ይጠይቅ?

የልማት ሠራተኛው የማኅበሩን ተወካዮች የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ያስጠናቸው።

1) የሙኒው ቁጥር በየትኛው ሮተር፣ በምን ያህል ሙቀትና በስንት ደቂቃ የተነበበ ነው?
2) የመጀመሪያው ንባብና የጽናት ቁጥሩ ለየብቻ ስንት ስንት ናቸው?
3) ናሙናው ከስንት ጥቅል፣ መቼ ተወሰደ? መቼስ ተለካ?
4) ዋጋው የተቀነሰው በየትኛው ጉድለት ነው? በዝልግልግነት፣ በጽናት፣ በቆሻሻ ወይስ በእርጥበት?
5) የውጤቱ ወረቀት ግልባጭ ለማኅበሩ ይሰጣል?

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። «ጎማችሁ ጥሩ አይደለም» የሚል መልስ ለአምራቹ አይጠቅመውም። «የጽናት ቁጥሩ 38 ነው» የሚል መልስ ግን ባልዲውን፣ አሲዱንና ማስጫውን እንዲመረምር መንገድ ያሳየዋል።

ይህ እንዲሆን ማኅበሩ የራሱ መዝገብ ሊኖረው ይገባል። በመዝገቡ ላይ በየቀኑ የተበጣው ክፍል፣ የአሲዱ ዓይነትና መጠን፣ የደረቀበት ቦታና የቀኑ ብዛት ይሞላል። የቤተ ሙከራው ውጤት ሲመጣ ከጎኑ ይጻፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው አሠራር ጥሩ ቁጥር እንደሚያመጣ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። መሣሪያ የሌለው ማኅበርም ይህን መዝገብ ለመያዝ ከእርሳስና ከደብተር በቀር የሚያስፈልገው የለም።

10. ማጠቃለያ

የጎማ ዝልግልግነት የሚለካው በሩቅ ቤተ ሙከራ ቢሆንም፣ የሚወሰነው ግን ጠዋት በማለዳ በኩባያው፣ በባልዲውና በማድረቂያው ቤት ነው። የሙኒ ቪስኮሜትር ጎማው ዛሬ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ይነግረናል፤ የጽናት ቁጥር ነገ ምን ያህል እንደሚቆይ ይነግረናል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

በከብት ገበያ በሬውን የሚያውቅ ሻጭ በቀላሉ አይታለልም። የጎማ አምራቹም የጎማውን ቁጥር ትርጉም ሲያውቅ እንደዚያው ይሆናል። የልማት ሠራተኛው ይህን ትምህርት ለማኅበሩ አባላት ሲያስተላልፍ ከመሣሪያው ስም ሳይሆን ከባልዲው ይጀምር፤ ለአባላቱ ቅርባቸው እርሱ ነውና።